ስለ ቴስታታ ብሎን አዘገጃጀትና አገጣጠም፤ የመለዋወጫ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

በመለዋወጫ ዕቃ ንግድ የሚተዳደር ሰው የሚከተለውን ክርክር ሳይሰማ ብዙ ጊዜ አይቆይም። ደንበኛው ከአንድ ወር በፊት የገዛውን የቴስታታ ጓርኒሲዮን ዳሩ ተቃጥሎና ጠቁሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣና በባንኮኒው ላይ ያኖረዋል። «የሸጡልኝ ዕቃ የማይረባ ሆኖ ሞተሬን ሁለተኛ ጊዜ አስፈታኝ» ይላል። ባለሱቁም «ጌታዬ፣ ዕቃው ከፋብሪካው ታሽጎ እንደ መጣ የሰጠሁዎት ነው» ብሎ ይመልሳል። መካኒኩም በበኩሉ ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ይምላል። በመጨረሻ ባለሱቁ ደንበኛውን ላለማጣት ሲል ሌላ ጓርኒሲዮን ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ ወይም አልሰጥም ብሎ ደንበኛውን ያጣል። በሁለቱም መንገድ የሚከስረው ነጋዴው ነው።

ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን እንዲህ ባለው ጉዳይ የተቃጠለው ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ሳይሆን ተጎጂ ሆኖ ይገኛል። ጥፋቱ ያለው ቴስታታውን ከብሎክ ጋር አጥብቀው በሚይዙት ብሎኖች ላይ ነው፤ ወይም ብሎኖቹ በተዘጋጁበትና በታሠሩበት አኳኋን ላይ ነው። ብሎን ተራ ዕቃ መስሎ ስለሚታይ ገዢውም ሻጩም አያስቡትም። ጓርኒሲዮኑ በስሙና በቁጥሩ ሲታዘዝ ብሎኑ ከአሮጌው ሞተር ላይ ተፈትቶ፣ በጨርቅ ተጠርጎ ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ የብሎኑ ጉዳይ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ዕቃውን ከውጭ አገር የሚያስመጣውም፣ በሱቁ የሚሸጠውም፣ የጭነት መኪና ያለውም ሊያውቀው ይገባል።

የብሎኑ ሥራ ምንድን ነው?

የሞተር ዋና አካል ብሎክ ሲሆን ፒስቶኖቹ የሚመላለሱባቸው ሲሊንደሮች በእርሱ ውስጥ ይገኛሉ። ከላይ የሚከድነው ክፍል ቴስታታ ይባላል፤ ስሙም በጋራዥ ቤቶች እንደሚነገሩት እንደ ብዙዎቹ የሞተር ክፍሎች ስሞች ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ነው። በሁለቱ መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን ሥራው ሦስት ነገሮችን፣ ማለትም የሚቃጠለውን ጋዝ፣ የማቀዝቀዣውን ውሃና የሞተሩን ዘይት እርስ በርሳቸው እንዳይገናኙ ለይቶ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ጓርኒሲዮን በራሱ ኃይል ምንም ነገር አያግድም። የሚያግደው ብሎኖቹ አጥብቀው ሲጫኑት ብቻ ነው።

ይህ መጫን ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ በሒሳብ መመልከት ይቻላል። 2 ኤል የተባለው የቶዮታ የናፍጣ ሞተር የአንዱ ሲሊንደር ወርድ 92 ሚሊሜትር ነው፤ የክቡም ስፋት 66 ሴንቲሜትር ካሬ ተኩል ያህል ይሆናል። ናፍጣው ሲቃጠል በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ካሬ ላይ 70 ኪሎ ግፊት ቢያርፍ፣ ቴስታታውን ከብሎኩ ሊያላቅቅ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ4,600 ኪሎ በላይ ነው ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ግፊት በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይመላለሳል። ብሎኖቹ ይህን ሁሉ ሳያቋርጡ መቋቋም አለባቸው።

የሚቋቋሙትም ደረቅ ብረት በመሆናቸው ሳይሆን ሞላ በመሆናቸው ነው። ይህ አነጋገር ለብዙ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ሞላ የሚሳብበት ርዝመት ከሚስበው ኃይል ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ገልጧል። ብሎንም ሲጠብቅ እንዲሁ ይሳባል። ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን የሚሳበው ክፍል 100 ሚሊሜትር ርዝመት ቢኖረውና በ5,500 ኪሎ ኃይል ቢጠብቅ፣ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ይህም የሦስት ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ያ የረዘመው ብሎን ወደ ቀድሞው ልኩ ለመመለስ ሲታገል ቴስታታውን ወደ ታች ይጎትተዋል። ጓርኒሲዮኑን የሚያትመው ይህ ትግል እንጂ የብሎኑ መግባት ብቻ አይደለም።

መሳቡ ሌላም ጥቅም አለው። አሉሚኒየም በሙቀት ጊዜ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ብረት ሲሆን ሞተሩ በሞቀና በበረደ ቁጥር በሁለቱ መካከል የልክ ልዩነት ይፈጠራል፤ 100 ሚሊሜትር ከፍታ ባለው ቴስታታ ላይ ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር ልዩነቱ ወደ 9 መቶኛ ሚሊሜትር ይደርሳል። በደንብ የተሳበ ብሎን ይህን መለዋወጥ እንደ ሞላ ተከትሎ ይሄዳል። በሚገባ ያልተሳበ ብሎን ግን ጓርኒሲዮኑ በጥቂቱ እንደ ተጨመቀ መያዙን ይለቃል።

ወፍራም ብሎን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

ነጋዴ «ወፍራሙ ይበልጣል» ብሎ ማሰብ ይቀናዋል። ይህ አስተሳሰብ በብሎን ላይ እንደማይሠራ በአገራችን መንገዶች ላይ ብዙ ዘመን የቆየችው ቮልስዋገን ምስክር ናት። የቮልስዋገን ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሲሆን ቴስታታዎቹ የሚታሠሩት ከማግኒዚየም ቅይጥ በተሠራው የሞተር ቤት ውስጥ በተተከሉ ረዣዥም ባለ ጥርስ ዘንጎችና በዳዶ ነው። ዘንጎቹ ቀድሞ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ነበራቸው። ሞተሩ ሲሞቅ ቴስታታውና ሲሊንደሩ ሲለጠጡ ወፍራሙ ዘንግ በቀላሉ አይሳብም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ኃይሉ ሁሉ በለስላሳው ማግኒዚየም ላይ ያርፍና ጥርሱን ነቅሎ ይወጣ ነበር። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዘንጎቹን አላወፈራቸውም፤ ይልቁንም ወደ 8 ሚሊሜትር አቀጠናቸው፤ በሞተሩም ቤት ውስጥ የብረት ጥርስ አስገባላቸው። ማጥበቂያውንም ከ32 ኒውተን ሜትር ወደ 25 ኒውተን ሜትር ዝቅ አደረገው። ቀጭኑ ዘንግ የተሻለ ሞላ ስለ ሆነ ወፍራሙ ያልቻለውን ቻለ። እንግዲህ የፋብሪካውን ልክ ትቶ «ጠንከር ያለ ነው» እያሉ ሌላ ብሎን መሸጥ ለደንበኛው ውለታ መዋል አይደለም።

ቁልፉ የሚለካውና የማይለካው

የቴስታታ ብሎን የሚጠብቀው ቶርክ ሬንች በሚባለው ልክ በሚያሳይ ቁልፍ ነው። ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1918 በኒውዮርክ ከተማ የውሃ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኮንራድ ባር እንደ ፈለሰፈው ይነገራል። መሣሪያው እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም የሚለካው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቁልፉ ብሎኑን ለማዞር የሚያስፈልገውን ኃይል ይለካል እንጂ ብሎኑ ምን ያህል እንደ ተሳበ አይለካም።

ከሚሰጠው ኃይል ከመቶው 50 ያህሉ የሚያልቀው የብሎኑ ራስ ከሥሩ ካለው ወለል ጋር ሲፋተግ ነው። 40 ያህሉ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው መፋተግ ያልቃል። ብሎኑን ለመሳብ የሚቀረው ከመቶው 10 ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሱ ቆሽሾ ወይም ዝጎ መፋተጉ እጅግ ቢጨምር፣ ቁልፉ የታዘዘውን ልክ ሲያሳይ ብሎኑ ግን ከሚገባው ግማሽ ያህል እንኳ ሳይሳብ ሊቀር ይችላል። መካኒኩ «በልኩ አጥብቄያለሁ» ብሎ ሲምል ሐሰት አልተናገረም። ቁልፉ ልክ ነበረ፤ ብሎኑ ግን አልጠበቀም። በንጹሕ ብሎን ላይ እንኳ በቶርክ ሬንች ብቻ የሚገኘው የመሳብ ኃይል ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ ሩብ ድረስ ሊለያይ ይችላል። የብሎን ዝግጅት ከማጥበቁ የማያንስ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሮጌውን ስለ መፍታትና ስለ መመርመር

ቴስታታ የሚፈታው ሞተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ ነው፤ ትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታታ ሲፈታ ሊጣመም ይችላል። ብሎኖቹም አንድ በአንድ ሙሉ በሙሉ አይፈቱም። ከዳር ተጀምሮ ወደ መካከል በመሄድ መጀመሪያ ሁሉም በጥቂቱ ይላላሉ፤ ከዚያም በሁለተኛና በሦስተኛ ዙር ይወጣሉ። በአንዳንድ ሞተር ላይ የተደበቀ ብሎን አለ። 22 አር በተባለው የቶዮታ የቤንዚን ሞተር ላይ ከአሥሩ ዋና ብሎኖች ሌላ፣ የፊተኛውን የሰንሰለት ሽፋን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዝ አንድ ብሎን ከፊት በኩል ይገኛል። ይህን ሳያይ ቴስታታውን በብረት የሚፈነቅል ሰው ሽፋኑን ይሰብረዋል።

የወጡት ብሎኖች በአንድ ጣሳ ውስጥ መከማቸት የለባቸውም። በብዙ ሞተሮች ረዣዥምና አጫጭር ብሎኖች አሉ፤ ረዥሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ከጉድጓዱ ወለል ላይ ይደርስና ቴስታታውን ሳይጫን የጠበቀ ይመስላል። ስለዚህ ካርቶን ላይ የቴስታታውን ቅርጽ ነድፎ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው መሰካት ብልኅነት ነው።

ብሎኖቹ በላምባ ታጥበው በእጅ የሽቦ ብሩሽ ይጸዳሉ። በሚሽከረከር የመሞረጃ ድንጋይ ማጽዳት ጥርሱን ስለሚበላው ነውር ነው። ከታጠቡ በኋላ ምርመራው እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. የብሎኑ አንገት አለመቅጠኑ ይታያል። ከልክ በላይ የተሳበ ብሎን በአንድ ቦታ ላይ ይሰልላል፤ ይህንም በካሊፐር ለክቶ ካልተሳበው ክፍል ጋር ማስተያየት ይቻላል።

2ኛ. አንድ ዐይነት የሆኑት ብሎኖች ሁሉ በመስተዋት ላይ በራሳቸው ተገልብጠው ይቆሙና ቀጥ ያለ ማስመሪያ በላያቸው ይጋደማል። ከሌሎቹ ረዝሞ የሚታይ ብሎን ካለ ተሳቦ የቀረ ነው።

3ኛ. ዝገት የበላው ጉድጓድ ያለበት ብሎን ይጣላል፤ ብሎን የሚበጠሰው ከእንዲህ ያለ ቁስል ጀምሮ ነውና።

4ኛ. አዲስ ዳዶ በእጅ ብቻ ከጥርሱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሳይከብድ መሄድ አለበት። በአንድ ቦታ ላይ ከከበደ ጥርሱ ተበላሽቷል ወይም ተስቧል።

5ኛ. የራሱ የታችኛው ወለልና ሮንዴላው ያልተፋቀ መሆን አለበት፤ ቀደም ሲል እንደ ተገለጠው ግማሹ ኃይል የሚያልቀው በዚህ ላይ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ጉድለት ቢገኝበት ሁሉንም በአንድነት መለወጥ ይመረጣል። አንድ አዲስ ብሎን ከዘጠኝ አሮጌዎች ጋር ቢገባ አጨናነቁ እኩል አይሆንም፤ ጓርኒሲዮኑም የሚቃጠለው ደካማው ባለበት በኩል ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእኩል ኃይል ለሚያብር ድር ነው።

ጉድጓዱን ስለ ማጽዳት

ብሎኑ ጸድቶ ጉድጓዱ ካልጸዳ ሥራው ግማሽ ነው። በብሎኩ ውስጥ ያሉት ጥርሶች በከሰልና በዝገት ተሞልተው ይገኛሉ። እነዚህን ለማጽዳት የሚመረጠው ጥርስ ለመጥረግ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ አዲስ ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ ብረቱን ስለሚቆርጥ ጥርሱን ያላላዋል። ጠራጊው መሣሪያ በማይገኝበት ጋራዥ፣ አሮጌ ብሎን ወስዶ በጥርሱ ላይ በቁመት ሁለት ሦስት መስመር በመጋዝ አውጥቶ በእጅ እያስገቡ እያወጡ ቆሻሻውን ማውጣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በኮምፕሬሰር አየር ይነፋል፤ በዚህ ጊዜ ዐይንን በመነጽር መሸፈን ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ውሃ ወይም ዘይት ነው። ብዙዎቹ ጉድጓዶች መጨረሻቸው የተደፈነ ነው። ፈሳሽ አይጨመቅም፤ ስለዚህ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ባይሰነጥቀውም ብሎኑ በፈሳሹ ላይ ቆሞ የጠበቀ ያስመስላል፤ በቁልፉም ላይ ሙሉው ልክ ይታያል። በጥቂት ማንኪያ ውሃ ምክንያት አንድ ሙሉ ብሎክ የሚጣለው እንዲህ ሆኖ ነው። በተቃራኒው በአንዳንድ ሞተሮች ጉድጓዱ እስከ ማቀዝቀዣው ውሃ ድረስ ክፍት ነው፤ በእንዲህ ያለው ላይ የፋብሪካው መጽሐፍ የሚያዘውን ማተሚያ ማስቲሽ በጥርሱ ላይ መቀባት ግድ ነው፤ አለዚያ ውሃው ጥርሱን ተከትሎ ይወጣል።

የቴስታታውና የብሎኩ ፊትም በማስመሪያና በቀጫጭን የልክ ቅጠሎች ይመረመራል። የሚፈቀደው መጣመም እንደ ሞተሩ ዐይነት ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ ከሚሊሜትር 5 መቶኛ እስከ 15 መቶኛ ነው። ከዚያ ካለፈ ቴስታታው ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ መስተካከል አለበት። የተጣመመውን በብሎን ኃይል አቀናለሁ ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ዘይት

ብሎን በደረቁ ይግባ ወይስ ተቀብቶ? ይህ ጥያቄ በጋራዥ ቤቶች ሁልጊዜ ያከራክራል። መልሱ ፋብሪካው እንዳዘዘ የሚል ነው። የማጥበቂያው ልክ የተወሰነው በአንድ የታወቀ የመፋተግ መጠን ስለ ሆነ፣ ያንኑ መጠን መጠበቅ ያስፈልጋል። በብዙ ሞተሮች ትእዛዙ በጥርሱና ከራሱ ሥር ጥቂት የሞተር ዘይት መቀባት ነው። ብሎኑ ተነክሮ ከተንጠባጠበ በኋላ የሚቀረው ዘይት ይበቃል፤ በጉድጓዱ ውስጥ ዘይት ማፍሰስ ከላይ የተነገረውን አደጋ ያመጣል።

በዘይት ፋንታ ግራሶ ወይም ሌላ የሚያንሸራትት ቅባት መቀባት «የበለጠ ይሻላል» የሚሉ አሉ። መፋተጉ ከታሰበው በታች ሲወርድ ግን በዚያው የቁልፍ ልክ ብሎኑ ከመጠን በላይ ይሳባል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። የደረቀው ብሎን በማነስ፣ ግራሶ የተቀባው በመብዛት ይበድላል።

አገጣጠሙና ተራው

ጓርኒሲዮኑ የሚቀመጠው ወደ ላይ እንዲሆን የተጻፈበትን ፊት በመከተልና ቀዳዳዎቹን ከብሎኩ ጋር በማስተያየት ነው። መጽሐፉ ካላዘዘ በቀር በላዩ ምንም አይቀባበትም። ቴስታታው ቀስ ብሎ ይወርድና ብሎኖቹ ሁሉ በእጅ ይገባሉ፤ በእጅ የማይገባ ብሎን በቁልፍ አይገደድም፤ ወጥቶ ምክንያቱ ይፈለጋል።

አንዲት ወይዘሮ እንጀራ ስትጋግር ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መካከል ታዞራለች። የቴስታታ ብሎን ግን የዚህ ግልባጭ ነው፤ ከመካከል ተጀምሮ በግራና በቀኝ እያፈራረቁ ወደ ዳር ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ጓርኒሲዮኑ ከመካከል ወደ ውጭ እየተለጠጠ ያለ ሽብሽብ ይተኛል። ከዳር ቢጀመር ግን መካከሉ ተንሳፎ ይቀራል። ማጥበቁም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። ለምሳሌ 22 አር በተባለው ሞተር የመጨረሻው ልክ 78 ኒውተን ሜትር ሲሆን በሦስት ዙር ይደረስበታል። ይህም አንድ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 8 ኪሎ ክብደት እንደ ማንጠልጠል ነው። ቁልፉ ዝግ ብሎ ሳይነቀነቅ ይሳባል እንጂ አይነጠቅም።

አዲሱ ዘዴና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለው ብሎን

የሞተር ሠሪዎች ከላይ የተባለውን የመፋተግ ችግር ስለ ተረዱ ሌላ ዘዴ አወጡ። ብሎኑ በቶርክ ሬንች መጠነኛ ልክ ድረስ ከጠበቀ በኋላ፣ የቀረው በኃይል ሳይሆን በማዞሪያ ማዕዘን ይለካል። 2 ኤል በተባለው የቶዮታ ሞተርና በቤተሰቦቹ ብሎኑ በ78 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ከዚያም በራሱ ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎ ሩብ ዙር፣ ዳግመኛም ሩብ ዙር ይዞራል። ጥርሱ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊሜትር የሚሄድ ብሎን በሩብ ዙር 0.31 ሚሊሜትር ስለሚሄድ መሳቡ ከመፋተጉ ይልቅ በጥርሱ ልክ ይወሰናል። ብሎኖቹም እርስ በርሳቸው ይበልጥ ይመሳሰላሉ።

ይህ ዘዴ ግን ለነጋዴው አንድ ትልቅ ነገር ያስከትላል። በዚህ መንገድ ከሚጠብቁት ብሎኖች ብዙዎቹ ሆን ተብለው ሞላነታቸው እስከሚያልቅበት ወሰንና ከዚያም ጥቂት አልፎ እንዲሳቡ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ብሎን ከተፈታ በኋላ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ፈጽሞ አይመለስም፤ ሁለተኛ ሲጠብቅ አንገቱ ይቀጥናል ወይም ይበጠሳል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ርዝመቱ ወይም ውፍረቱ ተለክቶ በተወሰነ ወሰን ውስጥ ከተገኘ ዳግመኛ እንዲያገለግል ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ግን ሁልጊዜ እንዲለወጥ ያዛሉ። የትኛው እንደ ሆነ የሚያስረዳው የሞተሩ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በዐይን አይታወቅም።

ከሥራው በኋላም ሞተሩ ሞቅቶ ከበረደ ወይም ጥቂት ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ብሎኖቹን ዳግመኛ ማጥበቅ በቀድሞዎቹ ጓርኒሲዮኖች የተለመደ ነበር። በማዕዘን ለሚጠብቁትና ከተነባበረ ቀጭን ብረት ለተሠሩት አዲሶቹ ጓርኒሲዮኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ አይፈለግም። የቀድሞውን ልማድ በአዲሱ ላይ መጫን ጉዳት ነው።

አስመጪውና ባለሱቁ ምን ያድርጉ?

በብሎን ራስ ላይ የሚታየው ቁጥር ጌጥ አይደለም። 8.8፣ 10.9፣ 12.9 ተብሎ ሲጻፍ ፊተኛው ቁጥር በመቶ ሲባዛ ብረቱ እስኪበጠስ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ካሬ የሚችለውን ኒውተን ያመለክታል። ኋለኛው ደግሞ ከዚያ ውስጥ ከአሥር ስንት እጁ እስኪደርስ ድረስ ሞላነቱን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ስለዚህ 10.9 የተባለው እስከ 1,000 ችሎ እስከ 900 ድረስ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ 8.8 የተባለው ግን እስከ 800 ችሎ ከ640 በላይ አይመለስም። በዐይን ሲታዩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሞተር ላይ ግን የተለያዩ ናቸው። በአሜሪካ ልክ የተሠሩት ብሎኖች በቁጥር ፋንታ ጭረት አላቸው፤ ሦስት ጭረት አምስተኛ ደረጃ፣ ስድስት ጭረት ስምንተኛ ደረጃ ማለት ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት እንዲህ ባሉት ጠንካራ ብሎኖች ላይ ከደረጃው ቁጥር ጋር የሠሪው ምልክት አብሮ መኖር አለበት። የደረጃ ቁጥር ኖሮት የሠሪ ምልክት የሌለው ብሎን ባለቤት የሌለው ዕቃ ስለ ሆነ መጠርጠር ይገባል።

ይህ ጥርጣሬ ባዶ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የስምንተኛ ደረጃ ምልክት የተመታባቸው፣ ነገር ግን ከርካሽ ቦሮን ብረት የተሠሩ ብሎኖች ገበያውን እንደ ሞሉት ተደርሶበታል። በመደበኛ ሙቀት ጥንካሬያቸው ደህና ይመስል ነበር፤ በሚሞቅ ቦታ ላይ ሲውሉ ግን ከእውነተኛው ይልቅ ቶሎ ይለሰልሱ ነበር። ጉዳዩ በምክር ቤት ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ብሎንና መሰል ማያያዣዎች ጥራት ራሱን የቻለ ሕግ ወጣ። እንደ አሜሪካ ባለ አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሌላው ነጋዴ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ አስመጪው ፕሮፎርማ ሲያስልክ የሞተሩን ዐይነትና ቁጥር፣ የብሎኑን ርዝመት፣ ውፍረት፣ የጥርሱን እርምጃና ደረጃ ለይቶ ቢያሳስብ፣ ከእያንዳንዱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ጋር ሙሉ የብሎን ስብስብ አብሮ ቢያዝ ይበጀዋል። ዕቃው ሲደርስ ከየካርቶኑ ጥቂት አውጥቶ ምልክቱንና ልኩን ማስተያየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ባለሱቁም ጓርኒሲዮን ሲሸጥ «ብሎኑስ?» ብሎ መጠየቅን ልማድ ያድርግ፤ የማጥበቂያውን ልክና ተራ የሚያሳየውን ወረቀት ለገዢው ይስጥ። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ሥፍራ ከአሮጌ ሞተር ላይ የተፈታ ብሎን የሚገዛ ሰው ምን እየገዛ እንዳለ ሊነገረው ይገባል። ገዢው ካልፈለገ ምርጫው የእርሱ ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ደንበኛ ከወር በኋላ ጓርኒሲዮኑን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመጣ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረዋል።

ለመኪና ባለቤቶችም ሒሳቡ ግልጽ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ከዓባይ በረሃ ተነሥቶ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ ለረዥም ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ አገሩም ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በሚገባ ያልተሳበ ብሎን የሚጋለጠው በእንዲህ ያለ ዳገት ላይ ነው። በዚያ የቆመ መኪና የሚያስከትለው የመጎተቻ ዋጋ፣ የሾፌርና የረዳት አበል፣ የጭነቱ መዘግየትና የተበላሸው ውል ሲደመር፣ ለብሎኖቹ ሳይከፈል የቀረው ገንዘብ ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበረ ይታያል።

ጓርኒሲዮን ገዝቶ ብሎን መቆጠብ በር ገዝቶ መዝጊያ እንደ መተው ነው። ይህን ለደንበኛው አስቀድሞ የሚነግር ነጋዴ በዚያ ቀን አንድ ተጨማሪ ዕቃ ይሸጥ ይሆናል፤ ላይሸጥም ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያ ደንበኛ ሞተሩን ሲያድስ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እርሱ ሱቅ ነው።